የፀጉር ክኒን፣ ፊናስተራይድ 1 ሚሊግራም፣ ከ14 ወር በኋላ

3 ኮከብ ከ5። ክኒኑ ሰርቶልኛል፣ ሁለቱን የቀነስኩት ሳይነገረኝ ስለቀረው ነገር ነው።

እዚህ ሜሪላንድ ፀጉሬን የሚቆርጠኝ ልጅ ነው ነገሩን ያነሳው፣ "ወንድሜ አናትህ ሳሳ እያለ ነው" ብሎ መስታወቱን ከኋላዬ ሲያዞረው የአባቴን አናት አየሁት በቃ። የዛኑ ማታ ኦንላይን ከሚያዙት አንዱ ጋ ገብቼ ፎርም ሞላሁ፣ አንድም ሰው ሳያናግረኝ ከካርዴ ብር ቆረጡና በሳምንቱ ክኒኑ በሬ ላይ ቁጭ አለ።

ክኒኑ የሚያደርገው ምን መሰላችሁ፣ የፀጉሩን ስር እያቀጨጨ የሚሄደው ዲኤችቲ የሚባል ሆርሞን ነው፣ ፊናስተራይድ ደም ውስጥ ያለውን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይቀንሰዋል። መጀመሪያ በ1992 በ5 ሚሊግራም ለፕሮስቴት (ወንዶች ፊኛ ስር ያለው እጢ) ማበጥ ነው የወጣው፣ ለፀጉር በ1997 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ምንም አላየሁም፣ በስድስተኛው ወር ሻወር ላይ የሚረግፈው ቀነሰ፣ ዓመት ሲሞላው አናቴ ትንሽ ሞላ አለ። ግንባሬ ግን እንደሸሸ ቀረ፣ ቀድሞ የተመለጠውን ደግሞ እርሱት፣ ያለውን ይጠብቃል እንጂ ጎፈሬ አይሰራም።

አሁን ወደ ዋናው። ሁለተኛው ወር ላይ የመኝታ ፍላጎቴ ጥፍት አለ፣ የሌሊት ሥራው ነው ብዬ ዝም አልኩ (ወንድ ደግሞ ይሄን ለማን ያወራል?)፣ በኋላ ግን ባለቤቴ ራሷ ስትጠይቀኝ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ከገበያ በፊት በተደረገው ጥናት እንዲህ ያለ ችግር የገጠማቸው 3.8 በመቶ ናቸው፣ ለማነጻጸር መድኃኒት የሌለበት ባዶ ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 2.1 በመቶ፣ ብዙ ሰው ላይ ይጠፋል አለችኝ፣ እውነትም በአምስተኛው ወር ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ። ግን ካቆሙም በኋላ አልለቅ ያላቸው ሰዎች ሪፖርት ስላደረጉ ከ2012 ጀምሮ ማስጠንቀቂያው ላይ ተጽፏል፣ በ2025 ደግሞ የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ራስን የማጥፋት ሐሳብን ከጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው ብሎ አረጋግጧል። ድብርት ያለበት ሰው ይሄን ሳይሰማ ይጀምር? እኔን የጠየቀኝ ፎርሙ ላይ ያለች አንዲት ሳጥን ናት፣ እሷንም ሳላነብ ነው ምልክት ያደረግኩት።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ባለ 5ቱን ገዝተህ ለአራት ቁረጠው ይረክሳል ብሎኝ ነበር፣ ባለቤቴ ያኔ ነፍሰ ጡር ናት! የተሰበረ ወይ የተፈጨ ክኒን ነፍሰ ጡር መንካት የለባትም፣ ፅንሱ ወንድ ከሆነ የብልቱን አፈጣጠር ሊያበላሽ ይችላል። ሙሉው ሽፋን ስላለው ያን ያህል አያሰጋም፣ ግን ኩሽናዬ ውስጥ በቢላ ስከትፈው አስቡት።

ቤተክርስቲያን ደም ልገሳ ሲደረግ ተሰልፌ፣ ክኒኑን ከወሰድክ አንድ ወር ሳይሞላህ አትሰጥም ብለው መለሱኝ፣ በሰው ፊት ለምን እንደተመለስኩ ማስረዳቱ ሌላ ጣጣ። ደግሞ ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ የፕሮስቴት ምርመራ ስታደርጉ እንደምትወስዱት ለሐኪም ተናገሩ፣ የፕሮስቴት ችግር የሚጠቁመውን ፒኤስኤ የሚሉትን የደም ምርመራ ቁጥር በግማሽ ገደማ ስለሚያወርደው ችግር ቢኖርም ሊሸፍነው ይችላል።

ካቆማችሁት ያተረፋችሁት በዓመት ውስጥ ይሄዳል፣ ስለዚህ ለሦስት ወር ሞክሬ ልየው የምትል ልጅ ብርህን አትጨርስ። አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ "በሰው ላክልኝ" እያለ ይጨቀጭቀኛል፣ መጀመሪያ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂድ ብዬው ተኳርፈናል። የኦንላይኑን ሰርዤ አሁን ሐኪሜ እያዘዘችልኝ ከሰፈሬ ፋርማሲ ነው የማመጣው፣ ዋጋውም ከግማሽ በታች ነው።