ናፍጣ «ፕሪሚየም ያደርጋል» ለሚባለው ጠርሙስ ገንዘባችሁን አታስበሉ

ፒክአፕ የምትነዱ ወገኖች፣ ልጁን ታውቁታላችሁ። ማደያ ላይ ወረፋው ደርሶ ናፍጣው መቀዳት ሲጀምር ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ብቅ ይላል። «ጋሼ፣ ይቺ ተራውን ናፍጣ ፕሪሚየም ታደርግልዎታለች፤ ጭሱን አጥፍታ ጉልበት ትጨምራለች።»

መልስ አይጠብቅም። የባለመኪናው ዓይን ቆጣሪው ላይ እንዳለ ክዳኑ ተከፍቷል፣ ፈሳሹ ሳልባትዮ (የነዳጅ ጋኑ) ውስጥ እየተንዶቀዶቀ ነው። «ስንት ነው?» ሲባል ጠርሙሱ ባዶ ሆኗል። «እኔ መቼ አዘዝኩህ?» ሲባል ደግሞ «ከገባ በኋላ ምን ላድርግልህ?» ይላል። «ጋሼ» ማለቱም፣ አንቱታውም እዚያ ላይ ያበቃል። ከኋላ ያለው መኪና ጡሩንባ ይነፋል፤ ይከፈላል።

የሚያንገበግበው መክፈላችን ነው። ለአንድ ጋሎን የሞተር ዘይት ሦስት ሱቅ የምንዞር ሰዎች፣ ጽሑፉን እንኳ ላላነበብነው ፈሳሽ ኪሳችን እንገባለን።

ፕሪሚየም የሚባል ናፍጣ በሌላው ዓለም አለ። ኖዝል፣ ማለትም ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጨውን አፍንጫ፣ የሚያጥብ ኬሚካል ተለክቶ ይገባበታል፣ ብዙውን ጊዜም የሴቴን ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሴቴን ናፍጣው ሲረጭ ምን ያህል ቶሎ እንደሚቀጣጠል የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ የአሜሪካ ደረጃ ቢያንስ 40፣ የአውሮፓው 51 ይጠይቃል። ቁጥሩ ሲጨምር ሞተሩ በብርድ ቶሎ ይነሳል፣ ኳኳታውም ይቀንሳል። በሊትሩ ውስጥ ያለው ኃይል ግን ያው ነው። ናፍጣው የመኪናውን መመሪያ ካሟላ ከዚያ በላይ የሚከፈል ብር ዳገት አያስወጣም።

ጠርሙሱ እውነተኛ ቢሆን እንኳ አብዛኛው ነጭ ጋዝ መሰል ማሟሚያ ነው። የሚሠራው በልክ ሲገባ ነው፤ ልጁ 20 ሊትር ለቀዳውም 80 ሊትር ለሞላውም አንድ ጠርሙስ ይገለብጣል። ያረጀ ሳልባትዮ ከሆነ ደግሞ ከሥር የተጋገረው ቆሻሻ ተነቅሎ ፊልትሮውን ይደፍናል። መኪናው ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጋራዥ ሲገባ «ኖዝል ሄዷል» ይባላል፣ ሌላ ወጪ ይመጣል።

«ውሃ ያጠፋል» ከተባለ የባሰ ነው። አልኮል ያለበት ፈሳሽ ውሃውን ከናፍጣው ጋር አዋህዶ በፊልትሮው ያሳልፈዋል። ኮመን ሬል የሚባለው የዘመኑ ናፍጣ ሞተር ጉልበት ሲጠየቅ ናፍጣውን ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት ነው የሚረጨው፤ ፖምፓውን የሚያለሰልሰውም ያው ናፍጣ ነው። ውሃ እዚያ ከደረሰ ብረት ብረትን ይበላል። ጥቁር ጭስ ካለ የአየር ፊልትሮውንና የቱርቦውን ቱቦ ነው ማየት። የተበላ ኖዝልን የሚያድን ፈሳሽ የለም።

ስትቀዱ ውረዱና ሳልባትዮው አፍ ላይ ቁሙ። በጠርሙሱ ፋንታ ለኦሪጅናል የናፍጣ ፊልትሮ ክፈሉ። ናፍጣ ፊልትሮው ውስጥ ውሃ መጠራቀሙን የሚያሳየው የዳሽቦርድ መብራት ሲበራ ሞተሩን አጥፉ፣ ከፊልትሮው ሥር ዕቃ አድርጉ፣ ማፍሰሻውን 2 ዙር ያህል አላሉት፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ጫን ጫን አድርጉ። ንጹህ ናፍጣ ሲወርድ በእጅ ብቻ አጥብቁት፤ በመፍቻ ከተጠረቀመ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።