ቶይ ስቶሪ ወይስ ስሞል ሶልጀርስ? ለልጆች ከማስጫናችሁ በፊት

ክረምት በመጣ ቁጥር ደሴ ያሉ ጓደኞቼ ያንኑ ይጠይቁኛል። «ያ አሻንጉሊቶቹ ነፍስ የሚዘሩበት ፊልም የትኛው ነው?» ሁለቱን ሰው ያምታታቸዋል። እኔም አምታትቼ ከፍዬበታለሁ። ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ የማደላው ለቶይ ስቶሪ ነው።

አምና ፒያሳ አንድ ፊልም ቤት ገብቼ «የአሻንጉሊቶቹን ጫንልኝ» አልኩት። ልጁ ስሞል ሶልጀርስን ጫነልኝ። «አብሽር ጋሼ፣ ሸጋ ፊልም ነው!» ለትልቅ ሰው አዎ፣ ሸጋ ነው። ግን ለጦር መሣሪያ የተሠራ ቺፕ የተገጠመላቸው የአሻንጉሊት ወታደሮች ሰው ቤት ከበው ሲዋጉ ነው የሚያሳየው። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በ1998 ሲያወጡት ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ወላጅ ይጠንቀቅ ብለውበታል። የእህቴ ትንሿ ልጅ የዚያን ማታ አሻንጉሊቷን በረንዳ አውጥታ «እሷ ውጭ ትደር» አለች።

ቶይ ስቶሪ የ1995 ነው። እንግሊዝኛ ባይሰሙም ይገባቸዋል። የቆየው የካውቦይ አሻንጉሊት ዉዲ አዲስ በመጣው የጠፈርተኛ አሻንጉሊት በባዝ ይቀናል፤ ታናሽ ሲወለድበት እንደሚያኮርፍ ልጅ። ሰው ሲመጣ አሻንጉሊቶቹ ፀጥ ይላሉ። ስለዚህ ልጆቹ ካዩት በኋላ ከክፍል ወጥተው በበር ቀዳዳ ያጮልቃሉ። ደግሞ 81 ደቂቃ ነው፣ መብራት ሳይጠፋ ያልቃል። ያኛው 110 ነው።

ዋጋ ላይ አትጨነቁ፣ እኔ ሁለቱንም በ10 በ10 ብር ነው ያስጫንኩት። ብር የሚበላው ፍላሹ ነው። ሱቅ 600 ያሉኝን ባለ 64 ጊጋ፣ መንገድ ዳር በ250 አገኘሁና ደስ ብሎኝ ገባሁ። ፎርጅድ! ኮምፒውተሩ 64 ይላል፣ የሚይዘው ግን 8 ነው። ከዚያ በላይ የጫንኩት ሁሉ ስሙ ይታያል፣ ሲነካ አይከፈትም። 350 ብር ላተርፍ ብዬ 250 ከነፊልሞቹ ሒሳብ ወደቀ። ኦርጂናል 16 ጊጋ ይበቃችኋል። ሙሉ አስሞሉትና መጨረሻ የተጫነውን እዚያው አስከፍታችሁ እዩ።

ሌላው የድምፅ ጣጣ ነው። ቤት ስደርስ ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም። ቲቪውን ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። «ስፒከሩ ሄዷል» ብሎ 300 ብር ተቀበለኝ። ለውጦትም ያው ነው። ለካ የድሮ ቲቪ የማያነበው የድምፅ ዓይነት አለ። ፊልም ቤቱ የፊልሙን ድምፅ ዓይነት በነጻ ቀየረልኝ፣ ሠራ። 300ዋ ግን አልተመለሰችም።

ዲቪዲውን ተዉት፤ ግማሹ ተጭሮ ነው የሚሸጠው።

«የቶይ ስቶሪን አራት ክፍል በ35 ልጫንልህ» ካሏችሁ ለትንንሾቹ አንደኛውንና ሁለተኛውን ብቻ ውሰዱ። ሦስተኛው መጨረሻ ላይ ቆሻሻ ማቃጠያ እሳት አለ፣ የኛዎቹ እዚያ ጋ አልቅሰዋል። ስሙን ደግሞ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት። «የአሻንጉሊቶቹን» ካላችሁ ልጁ የሚጭንላችሁ ራሱ የሚወደውን ነው።