በአባቴ ፊያት ላይ ነፍስ የዘራው የድሬ መካኒክ

የድሬ ልጆች፣ የሐረር ልጆች፣ ግቢያችሁ ውስጥ ሸራ ለብሳ የቆመች አሮጌ መኪና ያለቻችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ትንሽ ይረዝማል። ግን አንድ ሰው በአደባባይ ካላመሰገንኩ ሆዴ አይረጋም።

የመካኒኩን ስም አልጽፍም፤ ራሱ አደራ ብሎኛል። እኛ ቤት ጋሼ ነው የምንለው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር “እሱ” እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ንቀት እንዳይመስልባችሁ። እንደ አባቴ ነው የማከብረው።

መኪናዋ ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ናት። ባለ ሁለት በር፣ ቀይ፣ ዝቅ ያለች። አባቴ ሱቁን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ግሪካዊ ነው የገዛት። ከዚራ ያደጋችሁ ከነድምፅዋ ታውቋታላችሁ። አባቴ ሲያርፍ ዘመድ ሁሉ “ሽጧት፣ ቦታ ይዛለች” አለ። እማዬ እምቢ አለች። አትሸጥም ብቻ ሳይሆን “ትነዳለች” አለች። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ የዚያችን መኪና መሪ መያዝ ነበር ምኞቴ።

የፈለግኩት እንዲሁ እንድትነሳ ብቻ አልነበረም። ትንሽ ዘመናዊ እንድትሆንም ነው የፈለግኩት። ጠዋት ሳታስለምን እንድትነሳ። በድሬ ሙቀት እንዳትፈላ። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ያለ ጭንቀት እንድትወጣ። ማታ መንገዱን የሚያሳይ መብራት እንዲኖራት። መልኳ ግን ያው የአባቴ መኪና ይሁን። ይህን ያህል ነው የጠየቅኩት። ይህንን ይዤ የዞርኩበትን እኔ ነኝ የማውቀው።

የት የት እንደሄድኩ አልጽፍም። የማንንም ስም ማጥፋት አልፈልግም። ያየሁትን ግን ልናገር።

አንዱ ቦታ ገና ኮፈኑን ሳይከፍቱ “ይቺ ላዳ ናት” አሉኝ። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተዋውለው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶሊያቲ በተባለችው ከተማ ያመረቷት ላዳ የተወለደችው ከፊያት 124 ነው። ግን የተወለደችው ከተራዋ 124 ነው። የስፖርቷ ሞተር ሌላ ነው። ቀድሞ ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረ አውሬሊዮ ላምፕሬዲ የተባለ መሐንዲስ ያወጣው፣ ባለ ሁለት ካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍት ዘንግ) ሞተር ነው። ፍሬኗም አይገናኝም። ላዳ ከኋላ ታምቡር ነው ያላት፤ የኔዋ በአራቱም ጎማ ዲስክ ናት። ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ጋሼ ነው። እነሱ ግን የላዳ ዕቃ እያመጡ በግድ ሲገጥሙባት ከረሙ። አልሆን ሲል መዶሻ አነሱ። በመጨረሻ “የቶዮታ ሞተር እንጣልባትና ትገላገያለሽ” አሉኝ። ገንዘቤን ግን ተቀብለዋል።

ሌላው ቦታ ደግሞ የባሰ ነበር። መኪናዋን አስረክቤ “ነገ፣ ከነገ ወዲያ” እየተባልኩ ወራት አለፉ። ስጠይቅ “ከሰዓት ነይ” ይሉኛል። ከሰዓት ስሄድ ሰው የለም። አንድ ቀን ቆጣ ብዬ ስናገር ኃላፊው “እህቴ፣ ባልሽን ላኪውና ለሱ እናስረዳዋለን” አለኝ። ባል የለኝም። ቢኖረኝስ? መኪናዋ የኔ ናት፣ ከፋዩም እኔ ነኝ። ተጨቃጭቄ ሳስወጣት ኦሪጅናል ካርቡራተሯ፣ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ የለም። በቦታው ከምን እንደተነቀለ የማይታወቅ ሌላ ካርቡራተር ተገጥሟል። ከፊት ያለው የፊያት ምልክትም የለም። የት ሄደ ስላቸው “አሮጌ ነበር፣ ተጣለ” አሉኝ። አባቴ በየእሁዱ በጨርቅ የሚወለውለው ምልክት ነበር። ያን ቀን እማዬን ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ደግሞ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ መጣ። መብራቱን አሻሽላለሁ ያለኝ ሰው ሽቦ በሽቦ ላይ ቀጥሎ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ሰጠኝ። አንድ ምሽት ከሳቢያን ወደ ቤት ስንመለስ ከዳሽቦርዱ ስር ጭስ ወጣ። እማዬ አጠገቤ ነበረች። ቶሎ አወጣኋት፣ ባትሪውን የነቀለልን አንድ የባጃጅ ልጅ ነው፤ እሱንም አላህ ይስጠው። ከዚያ በኋላ መኪናዋን በገመድ አስጎትቼ ግቢ አስገባኋት። ሸራ አለበስኳት። ተስፋ ቆረጥኩ።

ስለ ጋሼ የነገረኝ የሐረር ሰው ነው። ለስንት ዘመን ሐረርን ሲያመላልሱ የኖሩትን ፔጆ 404 ታክሲዎች የማያውቅ የለም። ከነዚያ ሹፌሮች አንዱ ነው። “ፈረንሳዮቹ ራሳቸው በፈረንጆቹ 1975 ማምረት ያቆሟትን መኪና እስከ ትናንት እንጀራ የበላሁባት በማን ይመስልሻል? ድሬ አንድ ሰው አለ። ጋራዥ የለውም። ቤት ድረስ ይመጣል” አለኝ። አላመንኩትም። ግን ደወልኩ።

ጋሼ ሙያውን የተማረው በልጅነቱ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ሲደርስ ነው ከተማችን የተቆረቆረችው፤ ወርክሾፑም የስንቱ የድሬ ልጅ ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ ዕቃ ጠፋ ተብሎ እጅ ታጥፎ አይቀመጥም፤ የጠፋው ብሎን በቶርኖ ይወጣል። ጋሼ ላይ ያ አስተዳደግ ይታያል። አይቸኩልም። አይጮህም። “አይቻልም” ከማለቱ በፊት ዕቃውን አገላብጦ ያየዋል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ፣ ሙቀቱ ሳይነሳ፣ የዕቃ ሳጥኑን ይዞ መጣ። ኮፈኑን አልከፈተም። መጀመሪያ እማዬን “ባለቤትሽ እንዴት ነበር የሚነዳት? ሐረር ይወጣባት ነበር?” ብሎ ጠየቃት። እማዬ ሻይ እየቀዳች ሁሉንም ነገረችው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ “አንቺስ ልጄ፣ ምን እንድትሆንልሽ ነው የምትፈልጊው?” አለኝ። ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ጉልበቷ እንዲጨምር፣ እንድትፈጥን፣ ብዬ ዘረዘርኩለት። አዳምጦኝ ሲጨርስ “መጀመሪያ መቆም ትወቅ። ሩጫው ከዚያ በኋላ ነው” አለ። ፍሬኗን ሳይጨርስ ሌላ ነገር አልነካም። የፍሬን ቱቦዎቹ ጎማቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። እነዚያ ሁሉ ቦታዎች አንድም ሰው አላየውም!

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ስለ ጋሼ ሌላው ሁሉ ቢረሳኝ ይህ አይረሳኝም።

ግቢያችን ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ስር ንጹህ የማዳበሪያ ጆንያ አነጠፈ። ከመኪናዋ የሚፈታውን ሁሉ እዚያ ላይ በተርታ ያስቀምጣል። ብሎኖቹን በባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይጨምርና በላዩ በማርከር ይጽፋል፦ “የፊት ግራ ፍሬን”፣ “ራዲያተር”፣ “የሹፌር በር”። ጽሑፉ የትምህርት ቤት ልጅ ደብተር ላይ የሚጻፍ ነው የሚመስለው፣ ልቅም ያለ። ቀትር ላይ ሊሄድ ሲል እማዬን ይጠራታል። ቆርቆሮውን አንድ በአንድ እያሳየ ይቆጥርላታል። የተሰበረውን፣ የዛገውን፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ሳይቀር። እማዬ “ይሄማ ቆሻሻ ነው፣ ጣለው” ስትለው “የተበላሸም ቢሆን ዕቃው የእናንተ ነው። መጣል ስትፈልጉ እናንተ ትጥሉታላችሁ” አላት።

ምልክቷ ተነቅሎ፣ ካርቡራተሯ ጠፍቶ “ተጣለ” ለተባለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እማዬ ቆርቆሮዎቹን እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣቸዋለች።

የጠፋውን ካርቡራተር በተመለከተም ዝም አላለም። የሞተሩን ቁጥር በጨርቅ ወልውሎ አነበበ፣ ትክክለኛውን ዓይነት በወረቀት ጻፈልኝ፣ “ከዚህ ሌላ እንዳትቀበዪ” አለኝ። ቱሪን ያለች የአጎቴ ልጅ ፈልጋ አገኘችው። የፊያት ምልክቱንም አብራ ላከችልኝ። ያልተጠበቀው ደግሞ ይህ ነው፤ ጋሼ አንዳንዱን ትንንሽ ዕቃ “ይቺ የላዳዋ ትሆናለች፣ በከንቱ ከጣሊያን አታስመጪ” እያለ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ አስገዛኝ። የሚሆነውንና የማይሆነውን ለይቶ ያውቃል። ዕውቀት ማለት ይሄ ነው አቦ!

ራዲያተሯን ሰፋ ባለ ቀየረው፣ ጠንካራ ቬንትሌተር አስገባ። ለሞተሩ እሳት የሚሰጠውን ፑንቲና አውጥቶ በኤሌክትሮኒክ ተካው። ሁለቱን ካምሻፍት የሚያዞረውን የጎማ ቺንጋ፣ ለዓይን ደህና ቢመስልም፣ “ጎማ መኪና ቆማም ያረጃል” ብሎ ቀየረው። በፕላስተር የተቀጣጠለውን ሽቦ ሁሉ ነቅሎ እንደ አዲስ ዘረጋ። ዝርዝሩን ባለሙያ ይጠይቀው። እኔ የማውቀው ቁልፍ ሳዞር ወዲያው እንደምትነሳ ነው። የቶዮታ ሞተር የሚለውን ሐሳብ ስነግረው ደግሞ ፊቱ ጠቆረ። “ሊብሬሽ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሞተር ቀይረሽ ቦሎ ልትወስጂ ስትሄጂ ምን ልትያቸው ነው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ሞተር ይጣላል?” አለኝ።

ለሙከራ ደንገጎን ወጣን። እማዬን “አንቺ ፊት ተቀመጪ” ብሎ እሱ ጠባቧ የኋላ ወንበር ላይ ታጥፎ ገባ። መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዳገቱ ላይ ትንሽ እንደወጣን መኪናዋ መታፈን ጀመረች፣ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ልቤ ወደቀ። ጋሼ ከኋላ “አይዞሽ፣ ዳር ያዢ” አለ። ሞተሩን አላስጠፋኝም። ኮፈኑን ከፍቶ፣ አንድ እጁን ፓራፋንጎው ላይ አሳርፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ከዚያ በካቻቢቴ አንድ ቦታ ትንሽ አዞረ። እንደገና አዳመጠ። በጣም ጥቂት መለሰው። ድምፁ ጠራ። ከጎኑ ቆሜ እየሰማሁ ነው የጠራው! “ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,800 አልፋ ትሄዳለች። ከፍ ስትዪ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ያንኑ ቤንዚን ያፈሳል። ለሁለቱም የሚሆን መሃል አገኘሁላት” አለኝ። ሐረር ድረስ አንድም ጊዜ አላስቸገረችንም። የሙቀቱ ቀስት ከመሃል ንቅንቅ አላለም። እማዬ መስኮቱን ከፍታ የአባቴን ታሪክ ስታወራ፣ ጋሼ ከኋላ ሲጠይቃት፣ እኔ መሪ ይዤ፤ ካረፈ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስትስቅ አላየኋትም።

ዋጋውን ደግሞ ቀድሞ ወረቀት ላይ ጽፎ ነው የሚሰጣችሁ። ዕቃ ሲገዛ ደረሰኝ ያመጣል፣ መልስ ያመጣል። በመሃል “ተጨማሪ ወጣ” የሚባል ነገር የለም። አዲስ ነገር ካገኘ ጠርቶ ያሳያችኋል፣ ፈቃዳችሁን ሳይጠይቅ አይነካም።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ፔጆም ትሁን ፊያት፣ የአባታችሁን መኪና ለማንም አትስጡ። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሏል፤ ያለችንን አጥብቀን መያዝ አለብን። ብቻሽን ጋራዥ ሄደሽ “ባልሽን ላኪው” የተባልሽ እህቴ፣ አንቺ በተለይ ደውይለት። ሙያ የምትፈልጉ ወጣቶችም አጠገቡ ቁሙ፤ ለሚጠይቀው አይሰለችም፣ እያሳየ ነው የሚሠራው።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ የመኪናችሁን ዓይነትና የሊብሬውን ፎቶ አዘጋጁ። የሚሠራው ጠዋት ነው። አርብ አይሠራም። ተራ ሊኖር ስለሚችል ታገሱ፤ መጠበቅ ይገባዋል።

ጋሼ፣ ልጆችህ ያነቡልሃል ብዬ ነው። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ እጅህን ይባርከው። እማዬ ደግሞ ቅዳሜ ምሳ እንዳትቀር ብላሃለች፤ ባለቤትህንም ይዘህ ና።