ዊልኪንሰን ወይስ ክራብትሪ? ካታሊስት ከማዘዛችሁ በፊት

የላቦራቶሪያችሁ በጀት የሚበቃው ለአንድ ጠርሙስ ብቻ ነው እንበል። ሥራው በሁለት ካርቦኖች መካከል ያለ ድርብ ቦንድ ላይ፣ በካታሊስት (ሪአክሽን በሚያፋጥን ነገር) እየታገዙ ሃይድሮጅን መጨመር ነው። ካታሎግ ስታገላብጡ ሁለት ስሞች ይመጣሉ፤ የዊልኪንሰን ካታሊስት እና የክራብትሪ ካታሊስት። የመጀመሪያው ሮዲየም ነው፣ ሁለተኛው ኢሪዲየም። ሁለቱም ኪስ ይጎዳሉ። ዋጋውን ከማየታችሁ በፊት ግን ድርብ ቦንዳችሁን እዩት። ዙሪያው ምን ያህል ተጨናንቋል?

በ1 አትሞስፌር ሃይድሮጅን፣ ዊልኪንሰን ድርብ ቦንዱ ክፍት በሆነው 1-ሄክሲን ላይ በሰዓት 650 ዙር ያህል ይሠራል፤ ዙር ማለት አንድ የካታሊስት ሞለኪውል አንድ ድርብ ቦንድ ሲሞላ ነው። ክራብትሪ 6,400 ይደርሳል። ድርብ ቦንዱ ወደ ተጨናነቀበት 1-ሜቲልሳይክሎሄክሲን ስትሄዱ ዊልኪንሰን ወደ 13 ይወርዳል፤ ክራብትሪ ግን 3,800 ላይ ነው። አራቱም ጎኑ የተያዘ ድርብ ቦንድ ከሆነ ዊልኪንሰን ዝር አይልም፣ ክራብትሪ 4,000 ገደማ ይሠራል።

የዊልኪንሰን ድክመት ይመስላል አይደል? እኔ ግን የምገዛው ለዚሁ ነው። ሁለት ድርብ ቦንድ ያለውን ካርቮን የተባለ ሞለኪውል ውሰዱ። አንዱ ድርብ ቦንድ ከቀለበቱ ውጭ ተንጠልጥሏል፣ ሌላው ቀለበቱ ውስጥ ከካርቦኒሉ (ከC=O) ጎን ነው። ዊልኪንሰን የውጭውን ሞልቶ የውስጡን ይተወዋል። ኬቶን፣ ኤስተር፣ ናይትሮ፣ ናይትራይል ቢኖሩም አይነካም። ሌላው አማራጭ፣ ፓላዲየም በካርቦን (ካርቦን ላይ የተበተነ ፓላዲየም)፣ በጣም ይረክሳል፣ ሲያልቅም አጣርቶ መገላገል ነው። ነገር ግን ናይትሮውን አሚን ያደርግባችኋል፣ በቤንዚል የሸፈናችሁትንም ኦክስጅን ይገልጠዋል። ሞለኪውላችሁ እነዚህ ከሌሉበት በሮዲየም ገንዘብ አታቃጥሉ።

አልዲሃይድ (የCHO ቡድን) ካለ ግን ተጠንቀቁ። ዊልኪንሰን ከአልዲሃይዱ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ነቅሎ ራሱ ላይ ያስረዋል። ቀዩ ፈሳሽ ወደ ቢጫ ሲያደላ ካታሊስቱ ተበልቷል ማለት ነው።

ክራብትሪ የሚያስፈልገው ለተጨናነቀው ቦንድ ነው። ሌላም ትልቅ ጸጋ አለው፤ አጠገቡ ሃይድሮክሲል ካለ እሱን ይዞ ሃይድሮጅኑን በዚያው ፊት በኩል ያስገባል። ስቴሪዮኬሚስትሪ (የአቶሞቹ አቀማመጥ በየትኛው ፊት እንደሆነ) ለሚያስጨንቀው ሰው ይህ ብቻውን ዋጋውን ይመልሳል። ጣጣው ሶልቨንቱ (ማሟሚያው) ነው። ደረቅ ዳይክሎሮሜቴን ይፈልጋል፤ አሴቶንና አልኮል ይጎዱታል። ዊልኪንሰን በተቃራኒው ቤንዚን (የመኪናው ነዳጅ ሳይሆን benzene) ከኤታኖል ጋር ቢቀላቀልበት ደስ ይለዋል። ክራብትሪ የሚሠራበት ድርብ ቦንድ ሲያልቅበት ደግሞ እርስ በርሱ ተያይዞ ይሞታል፤ ተመልሶ አይነሳም።

ስለ መጠን፦ ለ10 ሚሊሞል ሥራ 1 ሞል ፐርሰንት (ለመቶ ሞለኪውል አንድ) ዊልኪንሰን 92.5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ 1 ግራም ወደ 10 ጊዜ ያህል ያሠራችኋል። ሥራችሁ ትንሽ ከሆነ ትንሿን ጠርሙስ እዘዙ። የሮዲየም ዋጋ ደግሞ ይዘላል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ አውንስ ከ25,000 ዶላር አልፎ ነበር። የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ላይ የጸናበትን ቀን ማየት አትርሱ። ሮዲየም ትሪክሎራይድ መደርደሪያችሁ ላይ ካለ ከብዙ ትሪፌኒልፎስፊን ጋር በኤታኖል አፍልታችሁ ራሳችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ጠርሙሱ ሲደርስ ቀለሙን እዩ። ዊልኪንሰን እንደ ቀይ ወይን ጠጅ የጠቆረ ቀይ ነው፣ ክራብትሪ ብርቱካናማ። ደረቁን ዱቄት አየር ላይ መመዘን ይቻላል። ከተሟሙ በኋላ ግን ሁለቱንም በአርጎን ያዙ።