ሚዛኔን ላስመለሰችልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋና

የቀኝ ጆሮዬ ባላሰብሁት ጠዋት መስማት ካቆመና አብሮት የመጣው ራስ ማዞር ከቤት ካዋለኝ በኋላ፣ ያለ ደጋፊ እንድራመድ ላበቃችኝ እዚሁ ባሕር ዳር ለምትሠራ አንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና ተመሳሳይ ችግር የገጠማችሁን ወደ እሷ ለመጠቆም ይህን ጽፌአለሁ።

አስቀድሜ ስለ ጆሮው አንድ ነገር ልበል። አንድ ጆሮ በድንገት ሲደነቁር ምች ነው፣ ኩክ ነው እየተባለ ዳማከሴ ሲታሽ ቀን ማለፍ የለበትም። መጀመሪያ የሄድሁበት ክሊኒክ የጆሮ ጠብታ ሰጥቶ መለሰኝ፤ ከአንገት በላይ ሐኪሙ ግን ሹካ መሰል ብረት አንኳኩቶ ግንባሬ ላይ በማሳረፍ ድምፁን በየትኛው ጆሮ እንደምሰማ ጠየቀኝና፣ ጉዳቱ የውስጠኛው ጆሮ መሆኑን በኦዲዮግራም (በመስማት መለኪያ ምርመራ) አረጋግጦ ፕሬድኒሶሎን የተባለ የስቴሮይድ መድኃኒት አዘዘልኝ። መድኃኒቱ ይበልጥ የሚረዳው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ስኳር ወይም ግፊት ያለበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ቀድሞ ይንገር። የእኔ መስማት የተመለሰው በከፊል ነው።

ማዞሩ ግን አልለቀቀኝም። የመስሚያውና የሚዛን መጠበቂያው ክፍል በውስጠኛው ጆሮ ጎን ለጎን ስለሆኑ አንዱ ሲጎዳ ሌላውም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። አልጋ ላይ ጸጥ ብሎ መተኛትና የማዞር ማስታገሻ መዋጥ ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ቤተሰቤም «ይረፍ» ባይ ነበር። ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ፣ «ጋሼ፣ አንጎልዎ በቀረው ጆሮ መሥራትን የሚማረው ሲንቀሳቀሱ ነው፤ ሲያዞርዎ ቆም ይበሉ እንጂ አይተኙ» አለችኝ፤ ማስታገሻውም ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ይህን ትምህርት ስለሚያጓትት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረን እንድንቀንሰው አደረገች።

ሥራዋን በቅርብ ላየው ሰው ቀላል ይመስላል። ግድግዳ ላይ አንድ ፊደል ለጥፋ፣ ዓይኔን ከፊደሉ ሳልነቅል ራሴን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንዳዞር ታደርገኛለች፤ ፊደሉ ሲደበዝዝብኝ ፍጥነቱን ታስቀንሰኛለች፤ ጥርት ብሎ ሲታየኝ ደግሞ መልሳ ታስጨምረኛለች። ቀጥሎ እግሬን ገጥሜ በሊሾው ወለል ላይ፣ ከዚያም በስፖንጅ ላይ እቆማለሁ፤ ስፖንጁ ከእግር የሚመጣውን መረጃ ስለሚያደበዝዝ ሥራው ለዓይንና ለጆሮ ይቀራል። ዓይኔን ጨፍን ስባል ከኋላዬ ቆማ፣ ሳትነካኝ፣ እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። ያን ያህል ትዕግሥት በብዙ ቦታ አላየሁም።

ከሁሉም የወደድሁት ግን መጀመሪያ ምን ማድረግ እንደምፈልግ መጠየቋ ነው። ቅዳሴ ቆሜ ማስቀደስና መስገድ እንደናፈቀኝ ስነግራት ልምምዱን በዚያው ልክ ሠራችው፦ ጎንበስ፣ ቀና፣ መቋሚያ ይዞ መቆም፣ ቀስ በቀስም መቋሚያውን በጣት ብቻ መንካት። የመንገዱን ልምምድ ደግሞ ጣና ዳር ወዳለው የእግረኛ መንገድ አወጣችው። በአንድ ጆሮ የሚሰማ ሰው የባጃጅ ጥሩንባ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መለየት ስለሚቸግረው፣ ከመሻገሬ በፊት ቆሜ በሁለቱም ወገን እንዳይ አስለምዳኛለች። ዛሬም በጨለማ ስሄድና ስደክም ትንሽ ያንገዳግደኛል፤ ይህ አብሮኝ ሊቆይ እንደሚችል ከጅምሩ ነግራኛለች።

ክፍሏ ፎቅ ላይ መሆኑ ለሚያዞረው ሰው አይመችም፤ ይህን ለራሷም ነግሬአታለሁ። ክፍያዋ ግን ተመጣጣኝ ነው፤ ልምምዱን በቤቴ መቀጠል እንደምችል ባየች ጊዜም «ከእንግዲህ እዚህ መመላለስ አያስፈልግዎትም» ያለችኝ ራሷ ናት።

ስሟን በይፋ እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የኦዲዮግራም ውጤታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ያዙ፤ ተረከዙ ዝቅ ያለ ጫማ አድርጉ፤ ለመጀመሪያው ቀን ደረጃውን የሚደግፋችሁ ሰው አይለያችሁ። ማዞሩ ከፊት መጣመም፣ ከአንደበት መተሳሰር ወይም ከአንድ ወገን መዛል ጋር ከመጣ ግን ወደ እሷ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።