«ሂተር አያስፈልገውም» ተብሎ የሚሸጥ የአኳሪየም ፓኬጅ አትግዙ

አዲስ አበባ ውስጥ አኳሪየም ለመግዛት ያሰባችሁ ሰዎች፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። «ሙሉ ፓኬጅ» እየተባለ የሚሸጥ ነገር አለ። ገንዳው፣ ፊልተሩ፣ መብራቱ፣ ጠጠሩና ዓሣዎቹ በአንድ ዋጋ። ዓሣዎቹ ጎልድፊሽ፣ ጋፒ፣ አንድ ቤታና «ጥንድ» የተባሉ ኤንጅልፊሾች ናቸው። ሂተር፣ ማለትም የገንዳውን ውሃ የሚያሞቀው የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ የለውም። ካለውም ለስሙ ያህል ነው። ይህን ፓኬጅ እባካችሁ አትግዙ።

እህቴ ለልጆቿ የገዛችው ይሄንኑ ነው። «ውሃው ማሞቂያ አይፈልግም ወይ?» ብላ ሻጩን በደንብ ጠይቃዋለች። «የአዲስ አበባ አየር ተስማሚ ነው፣ ቤት ውስጥ እስከሆነ ድረስ ምንም አይሆንም» ብሎ ሸኛት። ይህ ውሸት ነው። ዓሣ የሚሸጥ ሰው ይህን አያውቅም ብዬ ደግሞ አላምንም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቤቶቻችን ማሞቂያ የላቸውም። የገንዳ ውሃ ደግሞ የክፍሉን ሙቀት ተከትሎ ይወርዳል፣ ይወጣል። ጠዋት ላይ ከ20 ዲግሪ በታች ብታገኙት የሚገርም አይደለም። ድሬዳዋ ወይም አዳማ ላለ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ግን ውርጭ ያለበት ሰሞን ሞቃታማ አገር ለለመደ ዓሣ መከራ ነው።

ዓሣ እንደ እኛ የራሱን የሰውነት ሙቀት አይጠብቅም። ውሃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይቀዘቅዛል። የምግብ መፍጨት ይዘገያል፣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይዳከማል፣ እንቅስቃሴው ይቀንሳል። እህቴ ቤት ሄጄ ያየሁት ቤታ ከፊልተሩ ጀርባ፣ ጠጠሩ ላይ በጎኑ ተኝቶ ነበር። ክንፎቹን አጣጥፎ ከሰውነቱ ጋር አጣብቋቸዋል። ቀይ የነበረው ቀለሙ ደብዝዟል። አየር ሊስብ እየታገለ ወደ ላይ ይወጣና ተመልሶ ይሰምጣል። ቴርሞሜትር ከተትኩ። 18 ዲግሪ! ቤታ የታይላንድና የአካባቢዋ የሞቃት ረግረጋማ ውሃ ዓሣ ነው። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ይፈልጋል። ሻጩ በስልክ ሲጠየቅ «ረጋ ያለ ዓሣ ነው፣ ሲለምድ ይነቃቃል» አለ። ይህን መልስ ከሰማችሁ እወቁት። ዓሣው በብርድ እየተሰቃየ ነው።

ቀጥሎ ጋፒዎቹ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣ፣ ጨው የተነሰነሰባቸው ይመስል። ይህ የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ነው፣ ዓሣው በብርድ ሲዳከም የሚበረታ ጥገኛ ተሕዋስ ያመጣዋል። ሻጩ መድኃኒት ሸጠላት፣ ለሁለት ቀን አድርጊው አላት። ልብ በሉ፣ መድኃኒቱ የሚገድለው ተሕዋሱን ከዓሣው ተላቆ ውሃ ውስጥ በሚዋኝበት ጊዜ ነው። ቆዳ ውስጥ የተደበቀውን አይነካውም። ውሃው 25 ዲግሪ ገደማ ከሆነ ተሕዋሱ ዑደቱን በአንድ ሳምንት ገደማ ይጨርሳል። በቀዝቃዛ ውሃ ግን ይንቀራፈፋል፣ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። በ18 ዲግሪ ውሃ የሁለት ቀን መድኃኒት ማለት ብር መጣል ነው። ሙቀቱን ሳያስተካክል መድኃኒት የሚሸጥላችሁ ሰው ሁለተኛ ጊዜ እየሸወዳችሁ ነው።

የፓኬጁ ትልቁ ችግር ግን ሂተር ጨምረውም የማይፈታ ነው። ጎልድፊሽ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ነው። ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ይመቸዋል። ቤታውና ኤንጅልፊሹ ያን ጊዜ ይበርዳቸዋል። ለእነሱ ብላችሁ ወደ 27 ብታሞቁት ጎልድፊሹ ይጨነቃል። እነዚህን ዓሣዎች አንድ ገንዳ ውስጥ የሚያስማማ ዲግሪ የለም። አንድ ላይ የሚሸጡት ቀለማቸው ስለሚያምር ብቻ ነው።

እህቴ ቅሬታ ስታቀርብ ሂተር ጨመሩላት፣ በተጨማሪ ክፍያ። ዕቃውን አገላብጬ አየሁት። ስንት ዋት እንደሆነ አልተጻፈበትም። ማስተካከያውን 25 ላይ አድርገን ተውነው፤ ቀይዋ መብራት ጨርሶ አልጠፋችም። ጤነኛ ሂተር የተሞላለት ዲግሪ ላይ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል። ይሄኛው ውሃውን ከ30 በላይ አሳለፈው፣ ጎልድፊሾቹም ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። እዚህ ከፍታ ላይ ደግሞ ሲጀመርም ከባሕር ዳርቻ አገር በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚያሞቅ ሰው የአየር ፓምፕ የግድ ያስፈልገዋል። ይህንንም የነገራት የለም።

ሂተር ስትገዙ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ዋት ገደማ አስቡ። ሱቁ ውስጥ በባልዲ ውሃ ሰክተው ያሳዩአችሁ፣ መብራቷ ስትጠፋም እዩ። ቴርሞሜትር ለብቻው ግዙ፣ የሂተሩን ቁጥር አትመኑ። እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ደግሞ ሶኬቱን ንቀሉ።

አሁን ወደ «ጥንዱ» ልምጣ፣ ምክንያቱም በጣም ያናደደኝ እሱ ነው። «ይራባሉ፣ ጫጩቶቹን እየሸጣችሁ ብራችሁን ትመልሳላችሁ» ተብሎ ተጨማሪ ተከፍሎባቸዋል። ኤንጅልፊሾቹ ገና የሳንቲም ያህል ናቸው። በዚያ ዕድሜ ወንዱን ከሴቷ በዓይን የሚለይ ሰው የለም። እውነተኛ ጥንድ የሚታወቀው አድገው፣ ራሳቸው ተመራርጠው እንቁላል ሲጥሉ ነው። ለዚያም 27 ወይም 28 ዲግሪ አካባቢ የረጋ ሙቀት ይፈልጋሉ። በ18 ዲግሪ የሚጠበቅ እንቁላል የለም።

ለጋፒዎቹም እንዲሁ «እርጉዝ ናት» ተብሎ ዋጋ ተጨምሯል። ከወንዶች ጋር የቆየች ሴት ጋፒ ሁሉ እርጉዝ ናት ማለት ይቻላል። የወንዱን ዘር ለወራት ሰውነቷ ውስጥ ማቆየት ስለምትችል ወንድ ሳይኖርም ደጋግማ ትወልዳለች። ለዚህ የሚከፈል ተጨማሪ ብር የለም። ውሃው 25 ወይም 26 ሲሆን በአራት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፣ ሲቀዘቅዝ ይዘገያል። ቶሎ ቶሎ እንድትወልድ ብሎ ውሃውን ከልክ በላይ ማሞቅም ዕድሜዋን ያሳጥረዋል።

አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ጎልድፊሾቹን ወደ ሌላ ዕቃ ለዩ። የቀሩትን ቀስ በቀስ አሙቁ፣ በቀን ከአንድ ሁለት ዲግሪ አትበልጡ። ድንገተኛ ለውጥ ራሱ ይገድላቸዋል። ውሃ ስትቀይሩ የጠዋቱን የቧንቧ ውሃ እንዳለ አትገልብጡ፣ ትንሽ ሙቅ ቀላቅላችሁ በቴርሞሜትር አመሳስሉት። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በብርድ ልብስ ሸፍኑ፣ ላዩን ግን ለአየር ክፍት ተዉት።

ደረሰኝ ተቀበሉ፣ የዓሣዎቹን ስምና የሂተሩን ዋት አስጽፉበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። እህቴ ደረሰኙን ስትጠይቅ «ለዓሣ ደረሰኝ አንቆርጥም» ነው የተባለችው። እንዲህ ካላችሁ ሱቅ ምንም ሳትገዙ ውጡ። በየገንዳው ላይ ቴርሞሜትር ሰቅሎ የሚሸጥ፣ ስትጠይቁትም ዲግሪውን የሚነግራችሁ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ ደግሞ ለሌሎቻችን ጠቁሙን።