የፋሲካ ሥጋ፦ ቅርጫ ወይስ ሉካንዳ?

ለጾም ፍቺ ሁለት ሦስት ኪሎ ለሚበቃው ቤት ሉካንዳ ይሻላል። ሽንጡን ለጥብስ፣ ጎድኑን ለቅቅል አስመርጦ መግዛት ይቻላል፤ ከቄራ የወጣ ሥጋም የምርመራ ማኅተም አለው። ችግሩ ዋጋውና የዋዜማው ሰልፍ ነው።

ቅርጫ ግን ሌላ ነገር ነው። 400 ኪሎ የሚመዝን በሬ ከነአጥንቱ 200 ኪሎ ያህል ሥጋ ይወጣዋል፤ ለ10 ጎረቤት ሲካፈል ለአንድ መደብ 20 ኪሎ ይደርሳል። ቅጠል ይነጠፍና ከሻኛው፣ ከታላቁ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱም ለየመደቡ ይደረጋል። ከዚያ ሁሉም ቁልፍ ወይም የጠርሙስ ክዳን ያዋጣል፤ አመዳደቡን ያላየ ልጅ ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ይጥላል። መዳቢው የራሱ ዕጣ የት እንደሚወድቅ ስለማያውቅ አያዳላም፤ ሚዛን እንኳ እንዲህ አያስታርቅም!

ቅርጫ የሚበላሸው አንዱ በዋዜማው «ይቅርብኝ» ሲል ነው፤ የሌላው ድርሻ ይንራል። ስለዚህ በሬው ከመገዛቱ በፊት ገንዘቡ ይሰብሰብ። ግቢ የታረደውን ሐኪም ስላላየው፣ ኮሶ የሚፈራ ጥሬውን ይተው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የተረፈውን በዕለቱ ዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ቀብቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ መስቀል ነው። ቋንጣው በቀጭኑ ካልተዘለዘለ ውስጡ ሳይደርቅ ይሸታል።